«አዎ እማሆይ፣ የጾም ነው»

እማሆይ ወደ ሱቄ የሚመጡት የዘጌ ጀልባ ከመነሣቱ በፊት ነው። ሱቄ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከደንበኞቼ ግማሹ ኪዳን አድርሶ የወጣ፣ ግማሹ ጀልባ የሚጠብቅ ነው። እማሆይ ከሁለቱም ወገን ናቸው። መቋሚያቸውን የስኳሩ ጆንያ ላይ አስደግፈው ይቆማሉ፤ ሻማ፣ ክብሪትና ጨው ይገዛሉ፤ መልሱን ሳይቆጥሩ ይቋጥራሉ። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ በዘወረደ ሳምንት ረቡዕ ዕለት ግን ያልተለመደ ነገር ጠየቁኝ። ሐኪም መድኃኒት አዞላቸው ነበር፤ በባዶ ሆድ እንዳይውጡትም አስጠንቅቋቸዋል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከመድኃኒቱ ጋር የሚቀምሷት ደረቅ ነገር ፈለጉ። ብስኩቱን አንሥተው አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ይህች የጾም ናት?»

«አዎ እማሆይ፣ የጾም ነው።»

ይህን ቃል በ55ቱ የጾም ቀናት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምለው ቆጥሬ አላውቅም። «ዝርዝር የለኝም» ከሚለው ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ከአፌ የሚወጣው እርሱ ሳይሆን አይቀርም። ያን ቀንም ያልኩት እሽጉን ሳላገላብጥ ነው። ፊቱ ላይ የስንዴ ዘለላ ተስሏል፤ ላም አልተሳለችም። በዚህ ፈረድኩ። እማሆይ ሦስት እሽግ ገዝተው፣ መርቀውኝ ወደ ጀልባቸው ሄዱ።

በምኩራብ ሐሙስ ተመልሰው መጡ። ከዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ በአራት የታጠፈ ባዶ የብስኩት መጠቅለያ አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ያልተከፈቱትን ሁለቱንም እሽጎች አጠገቡ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ያን ቀን አንብበህ ነው የነገርከኝ?»

ዩኒቨርሲቲ የሚማር የእህታቸው ልጅ ሊጠይቃቸው ዘጌ ሄዶ ነበር አሉ። መጠቅለያውን አንሥቶ አነበበና «እማሆይ፣ ይህ እኮ የወተት ዱቄት አለበት» አላቸው። እኔ ቢቆጡኝ የምመልሰውን በልቤ እያዘጋጀሁ ነበር፤ ፋብሪካው፣ አስመጪው፣ አከፋፋዩ እያልኩ ልደረድር። እርሳቸው ግን አልተቆጡም። «እኔስ ሳላውቅ ነው፤ ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖናዬን ተቀብያለሁ። ያሳሰብከኝ አንተ ነህ። ስንቱን እንዲህ ብለኸዋል?» አሉኝ።

ከአናቴ በላይ አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በእጁ የጻፈው ካርቶን ተሰቅሏል፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። እማሆይ ቀና ብለው አነበቡት። እኔም ከእርሳቸው ጋር ቀና ብዬ ያነበብኩት ምናልባት ከሃያ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የሦስቱንም እሽግ ገንዘብ ቆጥሬ ሰጠኋቸው። የሁለቱን ወሰዱ፤ የሦስተኛውን መለሱልኝ። «የበላሁትንማ በልቻለሁ» አሉ።

ከሄዱ በኋላ መጠቅለያውን ወደ ብርሃኑ ወስጄ አየሁት። ጀርባው ላይ፣ ላስቲኩ ተጣጥፎ በተጣበቀበት ስፌት ሥር፣ ቡናማ መደብ ላይ በወርቃማ ቀለም የታተመ ጽሑፍ አለ። ፊደሉ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም። በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ነው። በዓይኔ ስላልተቻለኝ በስልኬ ካሜራ አጎላሁት። የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ የፓልም ዘይት፣ የሆነ ሽሮፕ፣ ከዚያ የወተት ዱቄት፤ አምስተኛው ላይ። እንዲህ ያለ ዝርዝር በዘፈቀደ እንደማይደረደር ያወቅሁት በኋላ ነው። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት ከክብደቱ ይጀመራል፤ ብዙ ያለው ፊት፣ ጥቂት ያለው ኋላ ይጻፋል። ወተቱ ከጨውና ከእርሾው በላይ ነበር ማለት ነው።

እማሆይ ማንበብ የማይችሉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። በየቀኑ ዳዊት ይደግማሉ፤ ካርቶኔን ያነበቡት ያለ መነጽር ነው። እሽጉ ላይ የሚፈልጉት ነገር ተጽፏል፤ ውሸትም አልተጻፈም። ፋብሪካው የሚጠበቅበትን ሁሉ አሟልቷል ብሎ መከራከር ይችላል። ግን ለማን ነው የጻፈው? በዘጌ ደን ውስጥ ያለች መነኩሲት አነበበችው አላነበበችው ለእርሱ ምኑ ነው? በእርሳቸውና በዚያ ጽሑፍ መካከል የቆመው ሰው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ሥዕል አይቼ መለስኩ።

ቅዳሜ ማታ ሱቁን ከዘጋን በኋላ ከልጄ ጋር መደርደሪያውን አንድ በአንድ አወረድነው። ስምንተኛ ክፍል ናት፤ እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል፤ ዓይኗ ደግሞ የማይታመን ነው። እርሷ ታነባለች፣ እኔ በደብተር እጽፋለሁ። ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ማርጋሪን፣ የታሸገ ኬክ፣ ቸኮሌት ሲደመር 26 ዓይነት ሆነ። ከእነዚያ ውስጥ እኔ «የጾም» እያልኩ ስሸጣቸው ከኖርኳቸው አራቱ ወተት ወይም የወተት ተዋጽኦ አለባቸው። አንዱ «ወተት» ብሎ እንኳ አልጻፈም፤ «ዌይ» ይላል። ልጄ ፈልጋ አገኘችው፤ አይብ ሲሠራ የሚቀረው አጓት ነው። አጓት ብሎ የጻፈልኝ ቢኖር ኖሮ እኔስ መቼ እስት ነበር!

የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ «የጾም» ብለው በአማርኛ በግልጽ ያትማሉ፤ ይመስገኑ። በደብተሬ ላይ ምልክት ሳያስፈልጋቸው ያለፉት እነርሱ ብቻ ናቸው።

ከአራቱ ሌላ ደግሞ ምን እንደምላቸው ያላወቅኋቸው ነበሩ። «ኢ 471» የሚል ተጽፎባቸዋል። ይህ ውሃና ዘይቱን የሚያዋሕድ ነገር ነው፤ ከአትክልት ዘይትም ከእንስሳ ስብም ሊሠራ ይችላል፤ ከየትኛው እንደ ተሠራ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። ማዶ ያሉት ጎረቤቴ ሐጂ ለልጅ ልጆቻቸው የሚሳብ ከረሜላ ሲገዙ «ጄላቲኑ ከምንድን ነው?» እያሉ ሁልጊዜ ይጠይቁኝ ነበር። እኔም «ችግር የለውም ሐጂ» እላቸው ነበር። እርሳቸው ግን ፈገግ ብለው ሐላል የሚል ማኅተም ያለበትን ይመርጣሉ። አሁን ሳስበው አንድም ቀን አምነውኝ አያውቁም። ልክ ነበሩ።

በዚያ ሌሊት ያሳቀንም ያሳፈረንም የቀኑ ነገር ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ትቀመጥልኛለች። በማርጋሪን ጣሳ ላይ «05/2025» የሚለውን አይታ ለደንበኛ «ገና ስምንት ዓመት ይቆያል፣ ልጄ» ስትል ልጄ ሰምታት ኖሯል። ምን ታድርግ! እርሷ ዘንድ ዓመቱ 2017 ነው። 2025 ሲባል የልጅ ልጇ የምትዳርበት ዘመን ነው። 05 የሚለውም ለእርሷ ጥር ነው፤ ለፈረንጆቹ ሜይ ሲሆን ሚያዝያ ተጋምሶ ግንቦት የሚገባበት ወር ነው። ስምንት ዓመት ያለችው ጣሳ የቀራት ሁለት ወር ከምናምን ነበር።

እናቴ ላይ ስቀን ሳንጨርስ ልጄ ራሷ ወደቀች። እዚሁ አገር የተመረተ የቂጣ ዱቄት አንሥታ «አባዬ፣ ይህ ከስምንት ዓመት በፊት አልፎበታል!» ብላ ወደ ቆሻሻው ቅርጫት ልትጥለው ስትል ነው የያዝኳት። እሽጉ ላይ «09/2017» ይላል። ፋብሪካው በእኛ ቆጥሮ ግንቦት ማለቱ ነው። «ዓ.ም.» የምትል ምልክት አላስቀመጠም። ልጄ ትምህርት ቤትም ስልክም ያስተማሯት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ 2017 ለእርሷ ገና ሕፃን የነበረችበት ዓመት ነው። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ መደርደሪያ ፊት ቆመው፣ አንዷ ስምንት ዓመት ወደ ፊት፣ አንዷ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ። ሁለቱም ያነበቡት በትክክል የታተመ ቁጥር ነው።

ከደንበኞቼ አንዱ ወጣት ጠበቃ ነው። ነገሩን ሳጫውተው ስልኩን አውጥቶ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ላከልኝ። ሕግ አንብቤ አላውቅም ነበር፤ ነጋዴ ሕግን የሚያውቀው በቅጣቱ በኩል ነው። አንቀጽ 14 ስለ ሸማች መብት ይናገራል። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ ወይም መግለጫ የማግኘት መብት አለው። አማርጦ የመግዛት መብት አለው። ዕቃ ስላየ ወይም በዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም። በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብትም አለው፤ ይህችን ለአንዳንድ የሰፈሬ ባለሱቆች በቃሌ ላስጠናቸው አስቤያለሁ። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ቆጠርኩት። እማሆይ የገዙት የካቲት 19፣ የመለሱት መጋቢት 4። ልክ 15ኛው ቀን! አዋጁን አንብበው ቀጠሮ የያዙ ይመስላል። የአባቴን ካርቶን ያን ዕለት አወረድኩት፤ ግድግዳው ላይ ካርቶኑ የነበረበት ቦታ ነጥቶ ቀርቷል።

ሐተታ ከጀመርኩ አይቀር ጠበቃው የነገረኝን አንዲት ነገር ልጨምር። የዓለም የሸማቾች መብት ቀን ማርች 15 የሚከበረው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በ1962 እንደ እነርሱ አቆጣጠር በዚያ ቀን ለኮንግረስ በላኩት መልእክት የሸማችን መብቶች ስለዘረዘሩ ነው። አንዱ መብት መረጃ ማግኘት ነው። ማርች 15 በእኛ መጋቢት 6 ነው፤ ፋሲካ ከፍም ዝቅም ቢል ሁልጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። እኔና ልጄ መደርደሪያ ያወረድንባት ቅዳሜም መጋቢት 6 ነበረች። ሳናውቅ አከበርናት።

ተቆጣጣሪዎች ወደ ሱቄ ይመጣሉ። ሰዎቹን አልወቅስም። ንግድ ፈቃዱ መታደሱን ያያሉ፤ የዋጋ ዝርዝር መለጠፉን ያያሉ፤ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ካገኙ ይወስዳሉ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በየጊዜው የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የምርት መለያ ቁጥር፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን የሌላቸውን የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ማር፣ ዘይት የመሳሰሉ ምርቶች ኅብረተሰቡ እንዳይጠቀም ያሳስባል። ጥሩ ነው። ይህ ሁሉ ግን ጽሑፍ አለ ወይስ የለም የሚል ጥያቄ ነው። ጽሑፉን ገዢው ያነበዋል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ተቆጣጣሪ እስካሁን የለም፤ ከእማሆይ በስተቀር።

እንደሚቻል ደግሞ አውቃለሁ፤ ጨውን አይቻለሁ። እኛ ጎጃሞች እንቅርትን ከሩቅ የምንሰማ ሰዎች አይደለንም። የእናቴ አክስት አንገታቸውን በሻሽ ሸፍነው ነው የኖሩት። በደጋው አፈሩን ዝናብ እያጠበው አዮዲን ስለሚያንስ፣ ከዚያ መሬት የሚበላውም ያንሰዋል፤ እንቅርቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። የጨው ደንብ ቁጥር 204/2003 ከወጣ በኋላ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲገባበት ግዴታ ሆነ። ዛሬ ሱቄ ውስጥ ያለው የጨው እሽግ በትልቅ የአማርኛ ፊደል «አዮዲን ያለው ጨው» ይላል፤ እናቴ ያለ ማንም እርዳታ አንብባ የምትሸጠው የታሸገ ነገር ቢኖር እርሱ ነው። በእርግጥ እሽጉ ውስጥ ያለው መጠን ልክ መሆኑን እናቴም እኔም በዓይናችን አናይም፤ ያ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ከእርጥበትና ከፀሐይ እንድናርቀው የተጻፈውንም ካነበብኩ ገና ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ በሚያቃጥለው በኩል ነበር የምከምረው። አዮዲኑ በሙቀትና በእርጥበት እየባከነ፣ እኔ በአማርኛ የተጻፈውን እንኳ ሳላነብ! እንግዲህ ስለ ፊደል ብቻ ስጮህ ራሴን ማስታወስ ያለብኝ እዚህ ላይ ነው።

ዕቃ የሚያመጣልኝን አከፋፋይ ስለ አማርኛው ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። «ፋብሪካው ያለው ባሕር ማዶ ነው፤ ለአንተ ብሎ መጠቅለያ ሊያሳትም ነው? ቢያሳትም ደግሞ ዋጋው ይጨምራል፤ ያን ጊዜ አንተው ትጮሃለህ» አለኝ። የዋጋው ነገር እውነትነት አለው፤ አልካድኩትም። በአንድ ብር ልዩነት ከእኔ ተነሥቶ ቀጥሎ ወዳለው ሱቅ የሚሄድ ደንበኛ አለኝ።

በዚያው ቀን ግን ካራገፈልኝ ካርቶን ውስጥ አንድ የጃም ብልቃጥ ሳወጣ፣ ክዳኑ ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ተለጥፋ አየሁ። ቀን ተጽፎባታል። ጠርዟ ትንሽ ተነሥቷል። በአውራ ጣቴ ጥፍር ፋቅ ፋቅ አደረግኋት። ሙጫው እንደ ማር እየተሳበ ለቀቀ። ከሥሯ፣ በክዳኑ ብረት ላይ በነጠብጣብ የታተመ ሌላ ቀን አለ፤ ከወረቀቷ በስድስት ወር ይቀድማል። ስድስት ወሩን የጨመረው ማን እንደ ሆነ አላውቅም፤ እርሱም «እኔም እንዲሁ ነው የመጣልኝ» አለ፤ ሊሆን ይችላል። ካርቶኑን እንዳለ መለስኩለት። ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ወንድሜ፣ ቀን ለማራዘም የሚለጠፍ ወረቀት ከተገኘ፣ ‹ወተት አለው› ብሎ በአማርኛ ለመለጠፍ እንዴት ወረቀት ይጠፋል?» መልስ አልሰጠኝም። ዕቃ ማምጣቱን ግን አላቋረጠም፤ እኔም መግዛቴን አላቋረጥኩም። ሌላ አከፋፋይ የለኝም።

ይህ ነገር በታሸገ ዕቃ ብቻ አያበቃም። ጣና ዳር ዓሣ የሚገዛ ሰው ቆሮሶውን ከአምባዛው የሚለየው ቆዳውን አይቶ ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ የሚለውን የኦሪት ቃል አጥብቀው የሚይዙ የአገራችን ሰዎች አይነኩትም። ቆዳው ተገፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ ነጭ ሥጋ ብቻ ሆኖ በላስቲክ ሲቀርብ ግን ሁሉም ዓሣ ነው። የሻጩ ምላስ ብቻ ይቀራል። የእኔ ምላስ ምን እንደ ሠራ ደግሞ ነግሬያችኋለሁ።

አሁን በመደርደሪያዬ ጠርዝ ላይ ልጄ በእስክሪብቶ የጻፈቻቸው ቁራጭ ወረቀቶች ተለጥፈዋል። «ወተት አለው»፣ «እንቁላል አለው»፣ «እስከ ግንቦት 23፣ 2017 ዓ.ም.»፤ ከረሜላው ላይ «ጄላቲን፣ ከምን እንደሆነ አልተጻፈም»። ደንበኛ ሲያያቸው ይስቃል። አንዱ «ዕቃህን ራስህ ታማለህ እንዴ?» አለኝ። ሽያጬ በጾሙ ወራት ትንሽ ቀነሰ፤ አልዋሽም። ሐጂ ግን ወረቀቱን አንብበው፣ ከረሜላውን ቦታው መልሰው፣ በምትኩ ተምር ገዙ፤ ከዚያ ወዲህ ማኅተም ከመፈለጋቸው በፊት እኔን ይጠይቁኛል።

እማሆይ በኒቆዲሞስ ሳምንት መጡ። መድኃኒታቸው ገና አላለቀም ነበር። ከመደርደሪያው ላይ ወረቀት ያልተለጠፈበት አዲስ ብስኩት አነሡ፤ በዚያው ጠዋት የመጣ ነው።

«ይህችስ?»

መነጽሬን አደረግሁ። እሽጉን አገላብጬ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ጨው፣ እርሾ። እንደ ወንጌል ቆመው ሰሙኝ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ያ ቁጥር ተቀምጧል።

«ኢ 471 ይላል፣ እማሆይ። ከዘይትም ሊሆን ይችላል፣ ከእንስሳ ስብም ሊሆን ይችላል። ከየትኛው እንደሆነ አልጻፉም። አላውቅም።»

እሽጉን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ወደ ቦታው መለሱት።

«እንግዲያውስ ቆሎ ስፈርልኝ» አሉ። «ገብሱ ይብዛ።»